ጋዝ ጨምሩልኝ

ይህን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ሁልጊዜ የምቆመው አንድ ቦታ ስደርስ ነው። ዛሬ ያን ቦታ ለማለፍ እሞክራለሁ። አጻጻፌ ቢቆራረጥ ታገሡኝ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ደግሞም የምጽፈው ስለ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ ማቴዎስ ይባል ነበር፤ ታላቄ ነው። አባታችን ከጨንቻ ደጋ ወርዶ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር የተቀመጠ ሸማኔ ነበር። እኔ ገና ትንሽ ሳለሁ ወባ ገደለው። ከዚያ በኋላ ቤቱን የያዘው ማቴዎስ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ የመንግሥት እርሻው ትራክተር ጥገና ገባና እዚያ ሙያ ለመደ። እኔን ትምህርት ቤት ያቆየኝ እሱ ነው። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ የሰው መኪና ይሠራል። ከማንጎው ዛፍ ሥር በገዛ እጁ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ግድግዳውን በድንጋይ ገንብቶ፣ በአንድ በኩል ደረጃ አበጅቶለት ነበር። መኪናውን በላዩ ላይ ያቆምና እሱ ከሥር ገብቶ ይሠራል። ቆሞ ሲሠራ ከራሱ በላይ ትንሽ ብቻ ይተርፍ ነበር።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። አርባ ምንጭ ያኔ የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ቀበሌው ወጣት እየለቀመ ወደ ማሠልጠኛ፣ ከማሠልጠኛም ወደ ሰሜን ይልካል። ከኛ መንገድ የሄዱትን አውቃቸዋለሁ፤ ሲመለሱ ያየሁት ግን የለም። ማቴዎስ ዕድሜው ለዘመቻው ልክ ነበር። እናታችን ስትጸልይ ሌላ ነገር መለመን ትታ ነበር፤ የምትለምነው ማቴዎስ በዚህ ዙር እንዳይጠራ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትከር፣ አንዲት ነጭ መኪና በራችን ላይ ቆመች። መኪናዋን ከተማው ሁሉ ያውቃታል፤ የክፍለ ሀገሩ አንድ ትልቅ ኃላፊ መኪና ነች። ስሙን አልጽፍም። ጎረቤቶቻችን መስኮት ሲዘጉ ሰማሁ። እናታችን የያዘችውን ማሰሮ መሬት አስቀመጠችና ቆማ ቀረች።

ከመኪናዋ የወረደው ግን ኃላፊው አልነበረም። ሾፌሩ ጋሽ በቀለ ነው። ሸዋ ውስጥ የተወለደ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው፤ ከማቴዎስ ጋር ከድሮ ይተዋወቃሉ። ከኋላው ጠመንጃ ያነገተ አንድ ሚሊሺያ ወረደ።

"ዶክተር!" አለ ጋሽ በቀለ፤ ማቴዎስን የሚጠራው እንዲያ ነው። "በሽተኛ አምጥቼልሃለሁ።"

"ምኗን ነው የሚያማት?"

"ትኩሳት። ማቀዝቀዣው እሳት ይተፋል።"

"ጋራዥ አላችሁ አይደል እንዴ?"

ጋሽ በቀለ ሳቁን አቆመ። ሚሊሺያውን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የጋራዡ ሰዎች ዕቃ የለም አሉ። ኃላፊው 'አሻጥር ነው' አለ። ከትናንት ወዲህ ቤታቸው አልገቡም።"

አሻጥር። ያ ቃል ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበር ለማያስታውስ ማስረዳት ይከብደኛል። ሰው ቃሉን ሲሰማ ድምፁ ይለወጥ ነበር።

"ነገ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ በአውሮፕላን ይመጣል" አለ ጋሽ በቀለ። "በዚህች መኪና ነው ወደ እርሻው የሚወርደው። 'መኪናዋን ካቀዘቀዘልኝ ልጁን ከዚህ ዙር ዘመቻ አስቀረዋለሁ' ብሏል።"

"ካላቀዘቀዝኩለትስ?"

"'ሁለታችሁንም ቀዝቃዛ ቦታ እሰዳችኋለሁ' ብሎ ሳቀ።"

"ሳቀ?"

"ሳቀ እንጂ። እኔን የሚያስፈራኝ እኮ ሳቁ ነው።"

ማቴዎስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እናታችን ተመለከተ። እሷ አማርኛውን እንደኛ ባትችልም "ዘመቻ" የሚለውን ሰምታለች። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄዶ ኮፈኑን ከፈተ።

ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ሠርቶ አያውቅም። ትራክተር ማቀዝቀዣ የለውም። ግን ማቴዎስ አንድን ማሽን ከማይሠራው አይጀምርም፤ ከሚሠራው ነው የሚጀምረው። ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ደህና ነው። የማቀዝቀዣውን ማብሪያ ጫን ሲል ከፊት በኩል "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማን፤ ቺንጊያው እንደ ታረደ ፍየል ጮኸ፤ የጎማ ቃጠሎ ሸተተን። ወዲያው አጠፋው።

"ማብሪያው ይሠራል፤ መብራትም ይደርሰዋል" አለኝ። "ይኼ ክብ ነገር ኮምፕሬሰር ይባላል። ና፣ በእጅህ አዙረው።"

ሞተሩ እንደጠፋ እጄን አስገብቼ ከፊቱ ያለውን ክብ ብረት ለማዞር ታገልኩ። ንቅንቅ አላለም።

"ነክሷል" አለ። "የዚህ ነገር ልቡ ይኼ ነው። ጋዙን እየገፋ በቱቦው የሚያዞረው እሱ ነው። ልቡ ቆሟል።"

"ታዲያ ልብ ከየት እናመጣለን?" አለ ጋሽ በቀለ።

"ከሞተ ሰው።"

ጋሽ በቀለ ገባው። የዚችው መኪና ዓይነት አንዲት ከኩልፎ ድልድይ አጠገብ ተገልብጣ፣ ተጎትታ፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ጓሮ ውስጥ ሣር በቅሎባት ቆማ ነበር። ኃላፊው አንድ ቃል ሲልክ በሩ ተከፈተ። ማቴዎስ ኮምፕሬሰሩን በእጁ አዞረው፤ እንደ ወፍጮ እህህ እያለ ዞረ። የሞተችይቱን ልብ ፈትተን በጆንያ ተሸክመን መጣን። እስኪመሽ የነከሰውን አወጣን፤ የመጣውን በቦታው አሰርን። ቺንጊያ ለወጥን። አንዱ የታችኛው ብሎን ግን በጣም አስቸገረ፤ ለሱ ሲል ማቴዎስ ጉድጓዱ ውስጥ ብዙ ቆየ።

ሚሊሺያው ያን ቀን ከበራችን አልተነሣም። ከጎፋ በኩል የመጣ ጎልማሳ ነው፤ አማርኛው እንደ እናታችን ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል። እናታችን ሽፈራው ያለበት የበቆሎ ኩርኩፋ ሰጠችው። በልቶ ሲጨርስ ጣቱን ላሰና አመሰገናት። ከዚያም፣ "እናቴ፣ መኪናው ነገ ካልቀዘቀዘች ልጁን እኔ ነኝ የምወስዳት" አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንድታውቀው ብሎ ነው። እናታችን ሳህኑን ይዛ ገባች። ያን ሌሊት እሷ መተኛቷን እንጃ።

በማግስቱ ጋዙ መጣ።

ኮምፕሬሰር ብቻውን አያቀዘቅዝም፤ በቱቦው ውስጥ የሚዞር ጋዝ ያስፈልገዋል። ለመኪናዋ የሚሆን ጋዝ በከተማው ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ በሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ቤት። ጋሽ በቀለ ትልቁን ሲሊንደር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በጋሪ አመጣው። ሽታው ከጋሪው ቀድሞ ገባ። እናታችን የደጋ ሰው ነች፤ ዓሣ አትበላም፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። ጋሪውን ተከትለው ሁለት አባ ኮዳዎች መጡና ማንጎው ላይ ሰፈሩ። እነዚያ ራሰ በራ፣ ትልልቅ ወፎች። ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ሰብስበው ቁልቁል ያዩን ጀመር።

"ምንድን ነው ይህ?" አለች እናታችን።

"ጋዝ ነው፣ እማ" አላት ማቴዎስ።

ፊቷ በራ። ነጭ ጋዝ ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር፤ ለፋኖሳችን በጠርሙስ የተረፈችን ትንሽ ነች። "ጋዝ ከሆነ ለፋኖሴ ትንሽ ቅዱልኝ" አለች።

ጋሽ በቀለ እየሳቀ ሆዱን ያዘ። "እማማ፣ ይኼኛው ፋኖስ አያበራም! ይኼ የሀብታም ጋዝ ነው፤ ያቀዘቅዛል እንጂ አይነድም!" ማቴዎስም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሚሊሺያው ሳይቀር ጥርሱን አሳየ። እሷ ግን አልሳቀችም። "የማይነድ ጋዝ ምን ጋዝ ይባላል" ብላ ገባች።

ያን ሳቅ ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ።

ሲሊንደሩን ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ አቆምነው። ከቁልፉ ሥር ቀጭን "እስ" የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ማቴዎስ ጠበቅ ሲያደርገው ቀነሰ። "አይነድም፤ አይሸትም" አለ። "የሚሸተው ጆንያው ነው። ነፋስ ይወስደዋል።" ጆንያውን ገፎ ከአጥር ውጭ ጣለው። አባ ኮዳዎቹም ጆንያውን ተከትለው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ የእናታችን ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ በዚያ ስታልፍ አንዱ ጫጩት ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። እናቲቱ ጮኸች። በረጅም እንጨት ጎትቼ ሳወጣው ሞቷል። ደም የለውም፤ ምንም የለውም።

"አንገቱ ተሰብሮ ይሆናል" አልኩ።

ማቴዎስ ጫጩቱን በመዳፉ አገላበጠው። የሆነ ነገር ሊል ነበር። ጋሽ በቀለ ሰዓቱን አየና "ዶክተር፣ አውሮፕላኑ ይመጣል" አለው። ማቴዎስ ጫጩቱን አስቀመጠ።

እዚህ ላይ ነው ሁልጊዜ የምቆመው። ልቀጥል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። የአርባ ምንጭን የቀትር ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብረት በእጅ አይነካም። ማቴዎስ የሲሊንደሩን ቱቦ ከመኪናዋ ጋር አገናኘና ጋሽ በቀለን ከቁልፉ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠው።

"ስማኝ" አለው። "መጀመሪያ የሚያፈስ ካለ አያለሁ። ሳልነግርህ ሞተር አታስነሣ። ኋላ 'ጋዝ ጨምር' ስልህ ሞተሩን ታስነሣለህ፤ ማቀዝቀዣውን ትከፍታለህ፤ ከዚያ ይህን ቁልፍ ትለቃለህ። ገባህ?"

"'ጋዝ ጨምር' ስትለኝ። ገባኝ።"

"አሁን ትንሽ ክፈት።"

ጋሽ በቀለ ከፈተ። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ኃይለኛ ፉጨት ተሰማ።

"ዝጋ! ዝጋ! ከታች ይተፋል።"

ከታች ያለው የቱቦ መጋጠሚያ ነበር። ማቴዎስ የሳሙና አረፋ በጣሳ፣ የዳዶ መፍቻና ፋኖሱን ይዞ በደረጃው ወረደ። መኪናዋ ጉድጓዱን ስለሸፈነችው ከሥር በቀትርም ጨለማ ነው፤ ፋኖስ ሁልጊዜ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ያበራል። እኔ በአፋፉ ተንበርክኬ መሣሪያ አቀብለዋለሁ።

"አሁን ትንሽ ክፈት" አለ። ጋሽ በቀለ ከፈተ። "አለ፤ አረፋው ይፈላል። ተወው ክፍት ይሁን፤ እያየሁ ላጥብቀው።"

ፉጨቱ ከሥር ይሰማል። መፍቻው ብረት ላይ ይንሸራተታል። ጥቂት ቆይቶ፣ "እግሬን በረደኝ" አለ።

ሚሊሺያው ከጥላው ሥር ሳቀ። "ሰማችሁ? በአርባ ምንጭ በቀትር በረደኝ የሚል ሰው!"

"እውነቴን ነው፤ እስከ ጉልበቴ በረደኝ።" ማቴዎስም ሳቀ። ሳቁ ግን ረዘመ። ጠላ እንደ ጠጣ ሰው ነው የሳቀው፤ እሱ ደግሞ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ያን ጊዜ ደስ አለኝ፤ ሥራው ሊሳካለት ነው ብዬ።

"ያዘ" አለ። "ያዘ መሰለኝ። ዝጋው።" ጋሽ በቀለ ዘጋ። ፉጨቱ ቆመ።

ከዚያ ብርሃኑ ደከመ። ከአፋፉ ሆኜ አየሁት፤ የፋኖሱ ነበልባል አጠረ፤ ቀላ፤ ክሩ ላይ ተኛ፤ ጠፋ።

"ኧረ ፋኖሱ ጠፋ" አለ ማቴዎስ። ቃሉ ተጎተተ። "ጋዙ... አልቋል። ጋዝ ጨምሩልኝ።"

እኔ ብድግ ብዬ ወደ ማድቤት ሮጥኩ። ጠርሙሱ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ከጭቃ መደቡ ጀርባ ነው። እናታችን "ምን ልታደርግ ነው?" አለችኝ። "ፋኖሱ ጠፍቶበት ነው" አልኳት። "ሁሉንም እንዳትጨርሱት" አለች። ጠርሙሱን ሳነሣ ከውጭ ሞተር ሲነሣ ሰማሁ።

ስመለስ ጋሽ በቀለ በርጩማው ላይ ነው። ፊቱ በላብ ረጥቦ ያበራል። "ጨመርኩለት!" አለኝ በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮኸ። "ደህና እየገባ ነው! ኮምፕሬሰሩም ይዞራል!"

"ምኑን ጨመርክለት?"

"ጋዝ ነዋ! ጨምሩ አላለም?"

ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አልኩ። "ኢሻ!" ብዬ ጠራሁት። በቋንቋችን ወንድሜ ማለት ነው። መልስ የለም። ጨለማ ውስጥ ነጭ የሆነ ነገር አየሁ፤ የሳሙናው አረፋ ነው። ከአረፋው አጠገብ እጁ።

ጠርሙሱን አፋፍ ላይ አስቀምጬ በደረጃው ወረድኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ብርዱ ነው፤ በእርግጥም ወደ ወንዝ እንደ መግባት ይበርዳል። ማቴዎስ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል፤ የደከመው ሰው ይመስላል። ከብብቱ ሥር ይዤ ላነሣው ጎንበስ ስል ጆሮዬ ጮኸ። ተነፈስኩ፤ ግን የተነፈስኩት ምንም አልነበረም። "ጋሽ በቀለ" ለማለት ፈለግሁ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ያወጣን ሚሊሺያው ነው። በደረቱ ተኝቶ የጠመንጃውን ማንገቻ ፈትቶ እጄ ላይ ጠመጠመው፤ ጋሽ በቀለ እግሩን ይዞት እኔን ጎተቱ። ከዚያ ሚሊሺያው ትንፋሹን ይዞ ወረደና ማቴዎስን ገፍቶ አወጣልን።

ማንጎው ሥር አጋደምነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ዓይኑ በከፊል ክፍት ነው።

"ውኃ!" አለ ጋሽ በቀለ። "ውኃ አምጡ!" ዙሪያውን ሲያይ አፋፍ ላይ ያስቀመጥኩትን ጠርሙስ አገኘ። ክዳኑን በጥርሱ ነቅሎ ማቴዎስ ፊት ላይ ደፋው።

ሽታው ወጣ።

ጋሽ በቀለ ጠርሙሱን ወደ አፍንጫው አቀረበ። ከዚያ እኔን አየኝ። "ምንድን ነው ይህ?" አለ።

"ጋዝ" አልኩት።

ሞተሩ አሁንም ይሠራል። ጋሽ በቀለ ጠርሙሱን ሲያየው፣ እኔን ሲያየኝ፣ ሲሊንደሩን ሲያየው ገባው። በዚያ ወፍራም ፊት ላይ ያየሁትን ነገር በሰው ፊት ላይ ዳግም እንዳላይ እጸልያለሁ። የዚያን ጊዜ እናታችን ከማድቤት ወጣች።

ወደ ሆስፒታል የወሰድነው በዚያችው መኪና ነው። ሌላ መኪና አልነበረም። ኋላ ወንበር ላይ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የተቀመጥኩት። መንገዱን ስንይዝ አንድ ነገር ተሰማኝ። ቀዝቃዛ አየር። ከፊት ካለው ቀዳዳ ይመጣና የወንድሜን ፊት፣ የኔን እጅ ያበርዳል። ማቀዝቀዣው ክፍት ነበር። እንደ ደጋ ንጋት ያለ አየር ነው። ጋሽ በቀለ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ፤ ማብሪያውን ግን አላገኘውም። እንደተከፈተ ደረስን።

ሐኪሙ ብዙ አላቆየንም። ወጥቶ "ዘመዱ ማን ነው?" አለ። ምን እንደነበረ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል አለኝ። ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስና ጉድጓድ ይሞላል። ሰው ሳይሸተው፣ ሳይጨንቀው፣ አንዳንዴም እየሳቀ ይሰጥምበታል።

ገና ከሆስፒታሉ ደጅ ሳንነሣ ሰፋሪ የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ። መጀመሪያ የመኪናዋን በር ከፍተው እጃቸውን ወደ አየሩ ዘረጉ። አንደኛው "ቀዝቅዛለች" አለ። አንድ ሾፌር ይዘው ነበርና መኪናዋን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ላኳት። ከዚያ ወደኛ ዞሩ።

"አሻጥር አለበት?" አሉ። "ጋዙን የለቀቀው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አለ ጋሽ በቀለ።

"ማን አዘዘህ?"

መልሱን የሰጠው አብሮን የመጣው ሚሊሺያ ነው። "ሟቹ ራሱ ነው ያዘዘችው። 'ጋዝ ጨምሩልኝ' አለ። በጆሮዬ ሰማሁ።"

ሰውየው ወደኔ መጣ። "አንተስ? እንዲያ ብሏል?"

ጋሽ በቀለን አየሁት። እጁ እስከ ክንዱ ነጭ ጋዝ ይሸታል። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ወንድሜ ያለው ያንኑ ነው፤ አንድም ፊደል አልተጨመረበትም። የትኛውን ጋዝ ማለቱ እንደነበር ብናገር ጋሽ በቀለ ቤቱ እንደማይገባ አውቃለሁ። እነሱም የትኛውን ብለው አልጠየቁኝም።

"ብሏል" አልኩ።

ሄዱ።

ማቴዎስን ቀበርነው። ዙሩ ሲደርስ ቀበሌው የኛን በር አልፎ ሄደ። ኃላፊው ቃሉን ጠበቀ፤ ወንድሜ አልተጠራም።

ለቅሶው ከቀለለ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት መሣሪያዎቹን ልሰበስብ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ለመውረድ ፈራሁ። ኩራዝ ለኩሼ በገመድ አወረድኩ፤ ታች ደርሶ ነደደ። ያኔ ወረድኩ። የማቴዎስ ፋኖስ እዚያው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ሳነሣው ከበደኝ። ነቀነቅሁት። ውስጡ ተንቦጫቦጨ።

ሙሉ ነበር።

ክብሪት ጫርኩ፤ ወዲያው ነደደ። ጋዙ አላለቀም ነበር። ማቴዎስ መኪናዋን ሲመረምር ከሚሠራው ጀምሮ አንድም አልተሳሳተም፤ ፋኖሱን ግን ሳያየው ፈረደበት። ያለቀው አየሩ ነበር።

ቀና ስል የታችኛውን መጋጠሚያ ያጠበቀበት የዳዶ መፍቻ ከእግሬ ሥር ወድቆ አየሁት። መፍቻውን ይዤ ብዙ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሰንበት ጋሽ በቀለ መጣ። ከስቷል። በእጁ እርጥብ ሣር ይዟል። በኛ አገር ደም ያለበት ሰው ወይም ጠብ የሚያበርድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሲንበረከክ አይታለፍም፤ የሸዋ ሰው ይህን ከማን እንደተማረ አላውቅም። በሩ ላይ ተንበረከከ።

እናታችን ደነገጠች። "ምን አደረግህና ነው ልጄ?" አለችው።

ጋሽ በቀለ ወደኔ አየ። እኔ ሄጄ አጠገቡ ተንበረከክሁና በጆሮው ነገርኩት።

"ጋሽ በቀለ፣ መጋጠሚያውን አጥብቆት ነበር። አንተ ኋላ የለቀቅኸው ጉድጓዱ ውስጥ አልፈሰሰም፤ መኪናዋ ውስጥ ነው የገባው። ባይገባ ኖሮ አትቀዘቅዝም ነበር። ቀዝቅዛ አላየሃትም? ፋኖሱም ቀድሞ ነው የጠፋው። ደግሞ ሙሉ ነበር፤ እኔ ያመጣሁት ጋዝም ምንም አያደርግለትም ነበር።"

ጋሽ በቀለ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ያኔ ነው ያየሁት። እናታችን ምን እንደነገርኩት አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ ሣሩን ከእጁ ተቀበለችው። ሣሩን ከተቀበለች ነገሩ አይነሣም፤ እኛ ዘንድ እንዲያ ነው። እሷ እስካለች ድረስ አላነሣሁትም። አሁን እሷም የለች፤ ጋሽ በቀለም ከከተማው ከወጣ ቆይቷል።

የነገርኩት እውነት ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ነው ብዬ አምናለሁ። መኪናዋ ቀዝቅዛለች። ሌላ ማስረጃ የለኝም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምሰጣችሁ አንድ ነገር ነው። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው መብራት ጠፋብኝ ቢላችሁ ጋዝ ልታመጡ አትሩጡ። ሰውየውን አውጡት።

እኔ ሙያ አልተማርኩም፤ መኪናም አልነካም። ግን ሲቀላ ውስጥ የውኃም ሆነ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ከመውረዱ በፊት ይጠራኛል። የማቴዎስን ፋኖስ ይዤ እሄዳለሁ። አፋፉ ላይ እለኩሰውና በገመድ ቀስ አድርጌ አወርደዋለሁ። ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ ይቀልዱብኛል፤ "በቀትር ፋኖስ!" ይላሉ። ፋኖሱ ታች ሲደርስ ግን ሁላችንም ጎንበስ ብለን እናየዋለን።

ነበልባሉ ከቆመ "ውረድ" እላለሁ። ካጠረና ከቀላ ገመዱን እስበዋለሁ።